ኤክስካቫተር ጭኖ ሊማሊሞን ለመውረድ ስንት ሰንሰለት ይበቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አዘዞ ካምፕ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የቆመ 22 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር አለኝ። ሥራ ያገኘሁት አዲአርቃይ ነው። ጥቅምት ውስጥ በሎቤድ ልወስደው አስቤያለሁ። ሹፌሩ ብዙ ዓመት የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። "ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰንሰለት ይበቃል፤ ይሄ ማሽን በክብደቱ ይቀመጣል" ይሉኛል። አምና ግን ወደ ዳባት ስንወስደው መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ላልቶ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ሰንሰለት ልጨምር ወይስ ማጥበቂያውን ልቀይር? ሊማሊሞን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም።»

እንቅልፍ ማጣትህ አይገርመኝም፣ ወንድሜ። ሊማሊሞ ባዶ መኪና ይዞ የሚወርደውንም ያሳስባል። ግን ከሰንሰለቱ ቁጥር በፊት ስለ አምናው ላውራህ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

አምና ሰንሰለቱ አልላላም። ማሽኑ ነው ዝቅ ያለው።

ግራ እንዳንጋባ፣ ማሽኑ የሚሄድበትን «ቼን»፣ የምናስርበትን «ሰንሰለት»፣ ማሽኑ የሚጫንበትን ዝቅ ያለ ተጎታች «ሎቤድ» እላለሁ። የአዘዞና የደምቢያ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሆናል። መስከረም ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። ኤክስካቫተርህ ክረምቱን ከቆመበት ተነስቶ ሎቤድ ላይ ሲወጣ ያንን ዋልካ ቼኑ ውስጥ ጠቅጥቆ ነው። ስለዚህ የተቀመጠው ላሜራው ላይ አይደለም፤ የጭቃ ትራስ ላይ ነው። ረዳቱ ጥርሱን ነክሶ ሰንሰለቱን ያጠብቃል። ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ መኪናው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲንቀጠቀጥ ጭቃው ይፈረካከሳል፣ ይረግፋል። ማሽኑ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ሰንሰለት እንደ ላስቲክ ተከትሎ አይሰበሰብም። ያቺን ሁለት ሴንቲ ሜትር ካገኘ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እኔም የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ዶዘር ጭነን ወደ ደባርቅ እየወጣን ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሜዳው ገና አደይ አበባ አልጨረሰም። ኮሶዬ ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠን ለሻይ ቆምን። ረዳቱ ዝም ብሎ፣ እንዲያው ለመደገፍ ያህል፣ እጁን ሰንሰለቱ ላይ ቢያሳርፍ እንደ መቁጠሪያ ተንቀጫቀጨ። ዞረን ስናይ ዶዘሩ ወደ ግራ አንድ ስንዝር ሄዷል። አዘዞ ላይ ሰንሰለቱን ያጠበቅኩት እኔ ነበርኩ፣ በደንብ አጥብቄዋለሁ። ያን ቀን ሻይ ባያምረን ኖሮ ይህን ምላሽ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ ሰንሰለት መግዛት አይደለም፤ ጭቃ ማራገፍ ነው። ከመጫኛው ቀን በፊት በዲጂኖና በአካፋ ቼኑን ጥረግ። በተለይ በታችኛዎቹ ሮለሮች ዙሪያ የተጋገረውን። ኦፕሬተሩ ቡሙን፣ ማለትም ረጅሙን ክንድ፣ ተጠቅሞ አንዱን ጎን ከመሬት ያንሳና ቼኑን በአየር ላይ ያሽከርክረው፤ ብዙው በዚያው ይረግፋል። ያን ጊዜ ማንም አጠገቡ አይቁም፤ ድንጋይም አብሮ ይወረወራል። የቀረውን በውኃ ግፊት እጠበው። የአንድ ቀን ሥራ ነው። የቀን ሠራተኛ ሒሳብ አትሳሳ።

የሎቤዱንም ወለል እይ። የተከራየኸው ሎቤድ ከአንተ በፊት ምን እንደጫነ አታውቅም። ናፍታ፣ ግራሶ፣ የተቃጠለ ዘይት ወለሉ ላይ አለ። ብረት በብረት ላይ፣ መካከሉ ጭቃ ወይም ዘይት ሲገባበት፣ ማለት በሳሙና መሬት ላይ መቆም ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደረጃ አንድ መኪና በኃይል ፍሬን ሲይዝ ጭነቱ በክብደቱ 0.8 ያህል ኃይል ወደፊት ይገፋል ብሎ ነው የሚያሰላው። ያንተ 22 ቶን ማሽን 17.6 ቶን በሚያህል ኃይል ወደ ጋቢናው ይመጣል ማለት ነው። ወለሉ ጭቃና ዘይት ያለበት ላሜራ ከሆነ ሰበቃው፣ ያ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2.2 ቶን ቢይዝልህ ነው። የቀረውን 15.4 ቶን ሰንሰለቱ ብቻውን ይጋፈጣል። ወለሉ ንጹሕና ደረቅ ጣውላ ከሆነ ግን ሰበቃው የክብደቱ 0.4 አካባቢ ይደርሳል። ያኔ 8.8 ቶኑን ወለሉ ይይዝልሃል፤ ለሰንሰለቱ የሚቀረው 8.8 ብቻ ነው። አየህ? በመጥረጊያና በጣውላ ብቻ የሰንሰለቱን ሸክም በግማሽ ያህል ቀነስክለት።

የሎቤዱ ወለል እንጨት ከሌለው ከቼኑ ሥር ወፈር ያለ ጣውላ አንጥፍ። ያረጀ የጎማ ምንጣፍ ካገኘህ ደግሞ ከጣውላም ይሻላል። እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ግን አታድርግ። እሱ ራሱ ይንከባለላል።

አሁን ወደ ሹፌሩ ሁለት ሰንሰለት እንምጣ። «በክብደቱ ይቀመጣል» ያሉህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት ልንገርህ አልችልም። እውነት የሚሆነው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ክብደቱ ያስቀመጠውን ያህል፣ ፍሬን ሲያዝ ያው ክብደት ይገፋል።

ሰንሰለቶቹን አገላብጠህ እያቸው። ደህና የማሰሪያ ሰንሰለት በየተወሰነ ቀለበቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። 7 ወይም 70 የሚል ካለ ለጭነት ማሰሪያ የተሠራ ነው። 8 ወይም 80 ከሆነ ከዚያ ይበልጣል። ባለ 70ው 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት የሥራ አቅሙ 3 ቶን ገደማ ነው። 13 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ5 ቶን ትንሽ ይበልጣል። ምንም ቁጥር ከሌለውስ? አሜሪካኖች ቁጥር የሌለውን ሰንሰለት ተራ ብረት አድርገው ነው የሚቆጥሩት። በዚያ ሒሳብ 10 ሚሊ ሜትሩ 1.2 ቶን ብቻ ይይዛል። ሁለቱን ደምራቸው፦ 2.4 ቶን። ማሽንህ 22 ቶን ነው። ለፍየል ይበቃ ይሆናል።

የአሜሪካኖቹ ደንብ ሌላም ጠቃሚ ነገር አለው። ከ4.5 ቶን በላይ የሆነ ከባድ ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የሁሉም ማሰሪያ አቅም ተደምሮ የማሽኑን ክብደት ቢያንስ ግማሽ መሆን አለበት። ከሎቤዱ ተነስቶ ማሽኑ ላይ የሚያልቅ ሰንሰለት ደግሞ የሚቆጠርለት ግማሽ አቅሙ ነው። ሁለቱን ግማሾች ስታገናኛቸው ሒሳቡ ቀላል ይሆናል፦ ሰንሰለቶቹ ላይ ያለው አቅም ተደምሮ ከማሽኑ ክብደት እንዳያንስ። ለአንተ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ ስምንት፣ ባለ 13ቱ ከሆነ አምስት ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ በአሜሪካ ደንብ የሚጠይቅህ የለም፤ ፍሬን ሲያዝ የሚሆነው ነገር ግን እዚያም እዚህም ያው ነው።

እኔ ብሆን ባለ 13 ሚሊ ሜትሩን ስድስት አደርጋለሁ። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ለቡሙና ጫፉ ላይ ላለው መቆፈሪያ ባኬት፣ አንድ መጠባበቂያ ጋቢና ውስጥ። ስምንት ቀጫጭን ሰንሰለት ማሰር ረዳትን ያሰለቻል። የሰለቸው ረዳት ደግሞ ሰባተኛውን «በቃ» ብሎ ይተወዋል።

አስተሳሰሩ ላይ ዋናው ነገር አቅጣጫ ነው። ማሽኑ ወደፊት እንዳይሄድ የሚይዘው ወደኋላ የተሳበው ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ወደፊት የተሳበው በዚያች ሰዓት ተመልካች ነው። ስለዚህ ከፊት ያሉት ሁለቱ ወደፊት፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ወደኋላ እየሳቡ፣ እርስ በርስ ማሽኑን ይወጥሩት። ጥንዶቹን አመሳቅላቸው፤ ከማሽኑ ግራ የተነሳው ሰንሰለት ወደ ሎቤዱ ቀኝ፣ ከቀኙ የተነሳው ወደ ግራ ይሂድ። ያኔ ጎን ለጎን መንሸራተትንም ይይዛሉ። ለቁልቁለት ከኋላ በኩል ተጨማሪ አቅም እንዲኖርህ አምስተኛውንም ወደኋላ ብትስበው አልቃወምህም።

ሰንሰለቱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከ45 ዲግሪ አይብለጥ። 60 ዲግሪ ላይ ሲቆም ወደፊትና ወደኋላ ለመያዝ የሚተርፈው የአቅሙ ግማሽ ነው። የቀረው ማሽኑን ወደ ታች ይጫናል እንጂ አይስበውም።

ጋንቾው የሚገባው በማሽኑ የታችኛው አካል ላይ ለማሰሪያ ተብሎ በተሠራው ቀዳዳ ነው። የብዙዎቹ ማሽኖች መመሪያ መጽሐፍ ቦታውን በሥዕል ያሳያል። መወጣጫ ደረጃው ላይ፣ የእጅ መያዣው ላይ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ አጠገብ አታስር። ሰንሰለቱ ስል ጠርዝ ላይ ከታጠፈ ደግሞ እዚያው ይበላል። የጎማ ቁራጭ አድርግበት።

የተበላና የተለጠጠ ቀለበት ያለው፣ የተበየደ፣ ወይም መካከሉ ላይ በብሎን የተቀጠለ ሰንሰለት ካየህ ለበር መዝጊያ አድርገው። የቀለበቱ ውፍረት አንድ አሥረኛ ካለቀ ሰንሰለቱ አልቋል።

ማጥበቂያህን ልቀይር ወይ ብለሃል። ባለ ዘንጉ ከሆነ፣ ያ በአንድ ግፊት «ቋ» ብሎ የሚዘጋው፣ አዎ ቀይረው። ረዳቶች ቱቦ ያስገቡበትና ዘንጉን ያስረዝሙታል። ሲያመልጥ ተመልሶ የሚያርፈው መንጋጋ ላይ ነው። ጥርሱ የረገፈ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እየተዞረ ቀስ በቀስ የሚጠብቀው ባለ ጥርሱ ማጥበቂያ ዋጋው ቢከብድም ይሻላል። መንገድ ላይ ትንሽ ለመጨመርም እሱ ነው የሚመቸው። አቅሙ ከሰንሰለቱ እንዳያንስ ግን ተመልከት። ሲያልቅ እጀታውን በሽቦ እሰረው።

ከመታሰሩ በፊት ማሽኑ ራሱ መሰናዳት አለበት። ቡሙ ይውረድ፣ ባኬቱ ጣውላ ላይ ይረፍ። የላይኛው አካል እንዳይዞር የመቆለፊያው ፒን ይግባ። ይህችን ፒን የሚረሳ ኦፕሬተር ብዙ ነው። ፒኗ ካልገባች የታችኛው አካል በአራት ሰንሰለት ታስሮ የላይኛው በጠመዝማዛው ላይ ጅራቱን ያዞራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማንሻዎቹ ወዲህ ወዲያ ተደርገው የሃይድሮሊኩ ግፊት ይልቀቅ። በሮቹ ይቆለፉ። የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ አፍ ደግሞ ሸፍነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ነፋሱ በማርሚታው ገብቶ ቱርቦውን፣ ያን ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን፣ ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ጠፍቷልና ዘይት አይደርሰውም። ማሽንህ በሰላም ደርሶ ቱርቦው ሊሞት ይችላል።

መቼ ልጫን አላልከኝም፤ እኔ ግን ልንገርህ። ጠዋት በጤዛ አትጫን። ጥቅምት ላይ የሎቤዱ ወለልና መወጣጫው እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እርጥብ ነው፤ ቼን ደግሞ እርጥብ ላሜራ ላይ እንደ በረዶ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ሁሉ ነገር ሲደርቅ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት ላይ ጫን። የካምፑ ግቢ ገና ከረጠበ ወደ ጠጠር መሬት ውጡ። የሎቤዱ አንዱ ጎን ዋልካ ውስጥ ሲሰጥም ማሽኑ መወጣጫው ላይ ሳለ ይጋደማል። ኦፕሬተሩ ቀበቶውን ይታጠቅ። የሚጠቁመው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፣ ኦፕሬተሩ በሚያየው ቦታም ይቁም። አምስት ሰው እጁን ሲያወናጭፍ ማንን ይስማ?

እሰረውና ይደር። ጠዋት ከመነሳትህ በፊት እንደገና አጥብቅ። ሌሊቱን ማሽኑ ትንሽ ተቀምጧል፤ በነጻ ያገኘኸው ፍተሻ ነው።

መንገዱ ላይ ሦስት ቦታ ትቆማለህ። አንደኛው ኮሶዬ፣ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ያላቀቀውን እዚያ ታገኘዋለህ። አሜሪካኖቹም የመጀመሪያውን ፍተሻ በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የሚሉት፤ የእኛ ዳገት ግን እስከዚያ አያስጠብቅም። ሁለተኛው ዳባት። ሦስተኛው ደባርቅ፣ ሊማሊሞን ከመጀመርህ በፊት። እዚያ ሳትቸኩል ሙሉውን ዞረህ እይ፤ ሰንሰለቱን፣ ማጥበቂያውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የንፋስ ቱቦዎቹን። እጅህን ጎማው አጠገብ አድርገህ ሙቀቱን ስማ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። እሱን ሳትፈታ አትውረድ።

ከዚያ በፊት ግን ከአዘዞ ወደ ሰሜን ለመውጣት ጎንደር ከተማ ውስጥ ማለፍህ አይቀርም። የዚህ መጠን ኤክስካቫተር ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። የሎቤዱን ወለል አንድ ሜትር ብትጨምርበት 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽቦው የረገበበትን ቦታ ቀድሞ የሚያይ ሰው በባጃጅ ላክ። ከፍታውን በሜትር ለካና ጋቢና ውስጥ ጻፈው። ወርዱም ወደ 3 ሜትር ስለሆነ ከተለመደው ጭነት ይሰፋል፤ ፈቃዱን አስቀድመህ አውጣ። ቀይ ጨርቅና አንጸባራቂ በአራቱም ጥግ አድርግ። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ቀንም ሆነ የገበያ ቀን ከተማዋን በሎቤድ አትፈትናት።

ሊማሊሞ ላይ ስለ መንዳት ለሹፌርህ ለመንገር አልደፍርም፤ ጠመዝማዛውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሦስት ነገር ብቻ። በወጣበት ማርሽ ይወረዳል፤ ፍሬኑ ማቆሚያ እንጂ መውረጃ አይደለም። የቁልቁለቱ መጠን ከመቶ አሥር ሲሆን ብቻውን 2.2 ቶን ወደፊት ይገፋል፣ ፍሬን ሳይነካ። ሁለተኛ፣ ሎቤድ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው። መታጠፊያው ላይ መንገዱ እብጥ ካለ ሆዱ ይነካና ያንጠለጥለዋል። ረዳቱ ይውረድና ይይ። ሦስተኛ፣ ክረምት የበላው የመንገድ ዳር ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ለሚመጣ መኪና ልልቀቅ ብሎ የውጭ ጎማውን ወደ ገደሉ ጠርዝ ማስጠጋት አያስፈልግም። ይቁም። ሌላው ይለፍ። ጭጋግ ካለም ደባርቅ ላይ ቁርስ በልታችሁ ጠብቁ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፤ ደባርቅ ለዚያ አይታማም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ለአንተ ከሁሉ የሚከብድህ ይመስለኛል። ትልቅ ሰውን «አያውቁም» ሳትል እንዴት ትነግራቸዋለህ? እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሰንሰለቱን ራሴ ገዝቼ እመጣለሁ። «ጋሼ፣ መንዳቱን እርስዎ ያውቁታል፤ የማሽኑ ዕዳ ግን የእኔ ነው። ባንክ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ልቤ እንዲያርፍ እነዚህን ጨምሩልኝ» እላለሁ። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ ሹፌር የለም። ለረዳቱ ደግሞ ለብቻው የሻይ እሰጠዋለሁ፤ ሰንሰለቱን የሚያስረው እሱ ነውና። እንደዚያም ሆኖ «በሁለት ካልሆነ አልጭንም» የሚል ሹፌር ከገጠመህ ሌላ ሎቤድ ፈልግ። የአንድ ሳምንት ኪራይ ብታጣ ይሻላል።

አዲአርቃይ ስትደርሱም አትቸኩሉ። ማሽኑ መንገድ ላይ ተንሸራትቶ በአንዱ ሰንሰለት ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ያንን ሰንሰለት ቀድመህ ከፈታኸው ማጥበቂያው በኃይል ይወረወራል፣ ማሽኑም ይንቀሳቀሳል። አስቀድመህ ዞረህ እይ። የላላውን መጀመሪያ፣ የተወጠረውን መጨረሻ ፍታ። የቡሙ ሰንሰለት ሳይፈታ ደግሞ ኦፕሬተሩ ሞተር አያስነሳ።